በማግኔት ላይ የተቀመጠ ሽምግልና

በቁጥር ላይ ሽምግልና አይቀመጡም። ይህን አንድ ቀን ለትልልቅ ሰዎች እናገረዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ ዙለይካ፣ በአዳማ ነፋስና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፀጉሬ የሸበተ የፊዚክስ መምህርት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች በማግኔት ሲደራደሩ በዓይኔ አየሁ። 

ነገሩ የጀመረው ጂጂ ቤቴ የመጣች ቀን ነው። ጂጂ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። አሁን መልካሳ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ውስጥ በዘር ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ማናሴ የሚባል ልጅ አግብታ ከአማቷ ከአዴ ቡዜ ጋር አንድ ግቢ ይኖራሉ። ማናሴ ሥራው ላንጋኖ ሆቴል ስለሆነ ቤት የሚገኘው በእረፍት ቀኑ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ጂጂ ከአማቷ ጋር ለብቻዋ ናት።

"ቲቸር፣ ጽንሱ ወረደብኝ" አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። "ግን እሱን ልነግርዎ አይደለም የመጣሁት።"

"ታዲያ ምን ልትነግሪኝ ነው?"

"ሽማግሌዎች የዛኪርን ማግኔት አስሊልን ብለው ሊጠሩዎት ነው።"

ዛኪር ከእነጂጂ ጋር ግድግዳ የሚጋራ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስለሚበይድ ረጅም ኬብል ገዝቷል። መሬት ላይ ሲሠራ የተረፈውን ኬብል እንደ ቀለበት ይጠቀልልና ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ይሰቅለዋል። በያጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የጂጂ መኝታ ክፍል ነው። ዛኪር ሲበይድ ኮረንቱ በጥቅሉ ውስጥ ስለሚዞር ማግኔት ይፈጠራል። እዚህ ድረስ እውነት ነው፤ ክፍል ውስጥ የማስተምረውም ይህንኑ ነው።

ሐኪሙ ለጂጂ "በብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ ነው፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም" ብሏታል። አዴ ቡዜ ግን ያለ ጥፋተኛ የሚሆን ነገር አይዋጥላቸውም። መጀመሪያ የከሰሱት የመልካሳን መንገድ ነው፤ ሚኒባሱ አንገጫግጯት ነው ያስወረዳት፣ ሥራውን ትተወው አሉ። ኋላ የእህታቸው ልጅ ፍሬዘር፣ ሞባይል ጠጋኝ ነው፣ ማግኔት ለእርጉዝ አደገኛ ነው የሚል ነገር ከስልኩ አነበበላቸው። ክሱ ከመንገዱ ላይ ተነሣና ዛኪር ላይ አረፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

"ዛኪር ጥፋተኛ ከተባለ ኬብሉን ሌላ ቦታ ይሰቅላል፣ ነገሩም ያልቃል" አለች ጂጂ። "ካልተባለ ግን ተመልሶ መንገዱ ይሆናል። ሥራዬን አስለቅቀው ቤት ሊያስቀምጡኝ ነው። ማናሴ ደግሞ እናቱ ፊት አፍ የለውም።"

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

"እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ" አለች። "ትራሴ ጋ የሚደርሰው ማግኔት ወደ ስምንት ማይክሮቴስላ ነው የሚመጣው። ምንም እንደማያደርግ አውቃለሁ፣ ቲቸር። እባክዎ፣ እርስዎ ሲያሰሉት ትልቅ ይሁን።"

በጣም ተናደድኩ። ይህች ልጅ አሃድ ሳትጽፍ መልስ የማትሰጥ፣ እኔ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እጇን አውጥታ የምታርመኝ ልጅ ነበረች። አሁን መጥታ ቁጥር አሳብጪልኝ ትለኛለች።

"ጂጂ፣ ቁጥር ወጥ አይደለም፤ እንግዳ በዛ ተብሎ ውኃ አይጨመርበትም" አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አላፈሰሰችውም። "አውቃለሁ። ልሞክር ብዬ ነው" ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሐጂ መሐመድሰዒድ ደወሉልኝ። ሐጂ ጡረታ የወጡ ባለሱቅ ናቸው፤ በሰፈራችን ሽምግልና ከተቀመጠ መሐል ላይ እሳቸው አሉ። "ዙለይካ ልጄ፣ የምታውቂውን ነገር ነው፣ እምቢ እንዳትይን" አሉኝ። እምቢ ብል ፍሬዘር ሊያሰላው ነው። ሜትሬን ይዤ ዛኪር ዘንድ ሄድኩ።

"ዛኪር፣ ይህን ኬብል አንስተህ ለምን አትገላገልም?" አልኩት የቀለበቱን ስፋት እየለካሁ።

"ማንሳቱ ነው እንዴ የከበደኝ? አንድ ሚስማር እኮ ነው፣ ቲቸር። ግን ዛሬ ባነሳው ገድያለሁ ማለቴ ነው። ነገ ልጄ በዚህ ሰፈር 'ልጅ የገደለው የዛኪር ልጅ' እየተባለች ትደግ?" መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "እርስዎ ብቻ እውነቱን ያውጡልኝ።"

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ቁጥሩን ባሳብጠው ዛኪር ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። እንዳለ ብናገረው ጂጂ ከሥራ ትቀራለች። ቆሽቴ አረረ። ማግኔት ምን በደለ? ኮረንት በክብ ኬብል ውስጥ ዞረ፣ ማግኔት ሆነ፣ በቃ። ሰው ነው የሚያወሳስበው።

ቤቴ ተቀምጬ አሰላሁት። ሂሳቡ ቆንጆ ነው፤ ሳስተምረው እንኳ የማልሰለቸው እሱን ነው። የኬብሉ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ እድር አባል ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። የቀለበቱ መሐል ላይ የሁሉም መዋጮ አንድ ላይ ስለሚያርፍ ማግኔቱ ጠንካራ ነው። ከቀለበቱ ሲርቁ ግን ቶሎ ይከዳል፤ ራቅ ካሉ በኋላ ርቀቱን እጥፍ ቢያደርጉት ማግኔቱ ስምንተኛ እጅ ይሆናል። አሥር ዙር ኬብል፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ፣ መቶ ሃያ አምፔር፤ ሁለት ሜትር ርቆ ያለው የጂጂ ትራስ ጋ ሲደርስ ስምንት ማይክሮቴስላ። ኮምፓስ የሚያዞረው የምድር የራሷ ማግኔት አዳማ ላይ ሠላሳ አምስት ገደማ ነው፤ የዛኪር ማሽን ዲሲ፣ ኮረንቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ ስለሆነ ማወዳደሩም ያስኬዳል። ጂጂ ልክ ናት። ልክ በመሆኗም ተናደድኩ።

እሁድ ደረሰ። የአዴ ቡዜ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር የእድር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ጀርባቸው ላይ ተጽፏል። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ አምቦ ውኃው ላይ ይበትናል። ሐጂ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር መሐል ተቀምጠዋል። ዛኪር የሰርግ ሸሚዝ የመሰለ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጥግ ይዟል። ማናሴ ከላንጋኖ መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያያል። ጂጂ ሻይ ትቀዳለች። በራሷ ነገር ተሰብስበው እሷ ሻይ ትቀዳለች!

"አካም ጅርቱ፣ መምህርት" ብለው ሰላም አሉኝ አዴ ቡዜ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ፊታቸው ከስቷል።

"በይ ዙለይካ ልጄ" አሉ ሐጂ። "አለ ወይስ የለም?"

"ምኑ ሐጂ?"

"ማግኔቱ ነዋ።"

"አለ፣ ግን..."

"አለ አለች!" አዴ ቡዜ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። "ያ ዋቅ! ሰምታችኋል አይደል? አለ ብላለች!"

"አዴ ቡዜ፣ ይህ የተቀመጥንበት ቦታም ላይ ማግኔት አለ! ከምድር የሚመጣ፣ ከዛኪር አራት እጥፍ የሚበልጥ። የዛኪር ስምንት ነው፣ ስምንት ምንም አያደርግም።"

"ስምንት ምንም ነው?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። "ስምንት ልጅ ያለው ሰው ምንም የለኝም ይላል?"

አላህ ትዕግሥት ይስጠኝ። ልመልስ ስል ፍሬዘር ተነሣ። ፍሬዘር ፀጉሩን በአንድ በኩል የተላጨ፣ ሁለት ስልክ የሚይዝ ጎረምሳ ነው።

"ቲቸር፣ አይናደዱ፣ እኔም አስልቼዋለሁ" አለ። "ኬብሉን እኔም ለክቻለሁ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው የመጣልኝ።"

ግቢው ተንጫጫ። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። የጠረጠርኩት ነው፤ የቀለበቱን መሐል ቀመር ወስዶ ርቀቱን ጭራሽ ረስቶታል።

"ይሄ እኮ የቀለበቱ መሐል ነው!" አልኩት። "ጂጂ የምትተኛው ጭንቅላቷን ኬብሉ ውስጥ አስገብታ ነው?"

"ፎርሙላው ያው የኬብል ነው፣ ቲቸር።"

"ያው አይደለም! እሳት ውስጥ የገባና ማዶ የቆመ እኩል ይቃጠላል?"

"እሺ፣ እሺ" አሉ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው። "አትጣሉ። እናንተ ፈንጠር በሉልን፣ እኛ እንምከር።"

ፈንጠር አልን። ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ተጠጋግተው አንሾካሾኩ። ዛኪር ከጎኔ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ጂጂ የሻይ በራዱን እንደታቀፈች የበረንዳው ደረጃ ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች። ዓይኗን ሸሸሁ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠሩን።

"ሁለታችሁም የተማራችሁ ናችሁ" አሉ። "ማናችሁንም ማሳፈር አንፈልግም። እሱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሏል፣ አንቺ ስምንት ብለሻል። እሱ ትንሽ ይውረድ፣ አንቺም ትንሽ ውጪ። መሐሉን ይዘናል፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት። በዚህ ተስማሙና ዛኪርም ኬብሉን ያንሳ፣ ይቅርታም ይጠይቅ።"

 ሠላሳ ዓመት ገደማ አስተምሬ፣ ስንቱን ተማሪ በነጥብ አስለቅሼ፣ መጨረሻዬ ይሄ ሆነ።

"ሐጂ! ይሄ እኮ የበግ ዋጋ አይደለም!"

"ልጄ፣ ለሰላም ስትይ።"

"ማግኔት ሰላም አያውቅም! እናንተ ተስማማችሁ ብሎ አይጨምርም፣ ተጣላችሁ ብሎ አይቀንስም!"

"ቢያንስ ሺህ በይልን" አሉ ያ የስምንት ልጆቹ ሽማግሌ፣ በልመና ድምፅ።

ለእነዚህ ሰዎች መናገር ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። የፍሬዘርን ስልክ እንደያዝኩ ተነሣሁ። "ስልክህ ኮምፓስ አለው?" አልኩት። አለው፤ ኮምፓስ ያለው ስልክ ደግሞ ማግኔት ይለካል። የሚለካበትን ገጽ እሱ ራሱ ከፈተልኝ፤ ቢያንስ እጁ ለዚህ ይሆናል። "በሉ ተነሡ። ዛኪር፣ ሂድና በይድ።"

ዛኪር ማሽኑን ሊያስነሣ ሮጠ። እኛ ተግተልትለን የጂጂ መኝታ ክፍል ገባን። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሠላሳ አምስት አለ። ከግድግዳው ወዲያ የብየዳው ጨርጨርታ ተሰማ። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ወደ አርባ ገደማ ወጣ፣ እዚያው ቆመ። ዛኪር ሲያቆም ተመለሰ። ሐጂ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሌላው ሽማግሌ "አስደግሚው" አሉ፤ ተደገመ፣ ያው ሆነ።

"አንድ ሺህ ምናምን የታለ?" አልኩ። "ፍሬዘር፣ ሁለት ሺህህ የታለ?"

ፍሬዘር አንገቱን አከከ። "አቦ፣ ርቀቱን ረሳሁት" አለ።

"ታዲያ ሰው አይጎዳም?" አሉ ሐጂ።

"አይጎዳም፣ ሐጂ። ኬብሉ ንጹሕ ነው።"

ከግድግዳው ወዲያ ዛኪር "አልሐምዱሊላህ!" ሲል ሁላችንም ሰማነው። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አዴ ቡዜ ከበሩ ላይ ተናገሩ።

"እንግዲያው መንገዱ ነው ማለት ነው። እኔ መጀመሪያም ብያለሁ። ከነገ ጀምሮ ቤቷ ትቀመጥ።"

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። "እንግዲህ... ኬብሉ ካልሆነ..." አሉ። ማናሴ ጫማውን አየ። ጂጂ የሻይ ትሪ ይዛ በሽማግሌዎች መሐል፣ የራሷ አልጋ አጠገብ ቆማለች።  ብትናገርም እንደማይሰሟት ታውቃለች።

ያኔ ነው እኔ የፈነዳሁት።

"ኬብሉን ለመክሰስ ቁጥር ጠየቃችሁኝ" አልኩ። "ለካሁ፣ አሰላሁ፣ አሳየሁ። የመንገዱንስ ማን አሰላው? ማን ለካው? ሐኪሙ አንቺ ያጠፋሽው የለም ብሏታል፤ ይሄ ለምን አይበቃችሁም?"

"ልጄ" አሉ ሐጂ፣ በእውነት ተቸግረው። "ሽማግሌ ያለ በዳይ ምን ያስታርቃል? አንድ ሰው፣ አንድ ነገር ጥፋቱን መውሰድ አለበት።"

"ማን አስታርቁ አላችሁ?" ጮህኩ። ሐጂ ላይ ጮህኩ፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር በጥፊ ታጮለኝ ነበር። "ይህች ልጅ ልጅ ሞቶባታል! ውጭ የተደረደረው የእድር ወንበር ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ሻይ ትቀዳላችኋለች። ከእናንተ ውስጥ ማነው እግዜር ያጥናሽ ያላት?"

ድምፄ ግድግዳው ላይ ተመትቶ ወደ እኔው ተመለሰ። ከእናንተ ውስጥ አልኩ እንጂ እኔም አላልኳትም። ቤቴ ድረስ መጥታ ጽንሱ ወረደብኝ ስትለኝ ስለ ወጥና ስለ ውኃ ነበር የተረትኩባት።

ጂጂ ትሪውን አልጋው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ብርጭቆ ተንከባለለ፣ ሻዩ አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

"ማንም" አለች። "አንድም ሰው አላለኝም።" ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሰው ሲሞት እንደሚለቀሰው።

ሐጂ መሐመድሰዒድ ቀስ ብለው ተጠጓትና እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። "አላህ ያጥናሽ ልጄ። አላህ ይተካልሽ" አሉ። ሌሎቹም ተራ በተራ እንደዚያው አሉ፤ የስምንት ልጆቹ ሽማግሌ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። እኔም ተራዬ ሲደርስ አልኳት። ማናሴ ሰዎቹን እየገፋ መጥቶ አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጠና እጇን ያዘ። 

አዴ ቡዜ ከበሩ አልተነቃነቁም። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጠርጋል።

"እኔስ?" አሉ። "እኔን ማን ምን አለኝ? የልጅ ልጄ አይደለም እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ ለምን፣ ለምን እያልኩ የማድረው እኔ አይደለሁም?"

ጂጂ እጇን ከፊቷ አነሣች። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። "እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ እማዬ" አለች።

አዴ ቡዜ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጡና ጉልበታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ማንም አላስቆማቸውም። የሰፈሩ ሴቶች ድምፁን ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ጀመሩ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ እየገቡ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዛኪርም ነጭ ሸሚዙን በዝገት አቆሽሾ መጣና አዴ ቡዜ ፊት ዝቅ ብሎ ያጥናዎት አለ፤ እጁን ያዙት። ያ ግቢ ዘግይቶም ቢሆን የለቅሶ ቤት ሆነ።

እኔ ከስምንት ልጆቹ ሽማግሌ ጎን ተቀምጬ ነበር። ጆሮዬ ጋ ተጠግተው "ግን እኮ ሺህ ብትይ ምን ነበረበት?" አሉኝ። 

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው መበተን ጀመረ። ጂጂ ብርጭቆ ልትሰበስብ ብትነሣ ሴቶቹ ተቆጥተው አስቀመጧት። አዴ ቡዜ ዓይናቸው አብጦ ከጎኗ ነበሩ። ወደ እሷ ሳይዞሩ ጠየቋት።

"የመልካሳው መኪና ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?"

"አሥራ ሁለት ተኩል" አለች ጂጂ።

"ቁርስሽን ሳትበይ እንዳትወጪ" አሉ።